ቀይዋ ሞተርና ሦስተኛው መንገደኛ

እጃጂን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ፣ ሆለታንና ጊንጪን አልፋችሁ፣ አምቦ ላይ ጉሮሯችሁን በጠበሏ ውኃ አርሳችሁ፣ ጉደርን ተሻግራችሁ፣ ከዚያም የጌዶን ዳገት ወጥታችሁ ጉሙን ሰንጥቃችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ብርዱ ከትከሻችሁ ላይ ቀስ እያለ ሲለቃችሁ፣ የበቆሎውም ማሳ ግራና ቀኝ ሲዘረጋላችሁ የምታገኟት የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ እርሷ ናት። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ባኮ ይወርዳል፤ ከባኮም ጊቤን ተሻግሮ ወለጋ ይገባል። አላፊ አግዳሚ የማይታጣባት፣ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ የሚታይባት የመንገድ ከተማ ናት።

በዚህች ከተማ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ በሞተር ይደረሳል፤ ነፍሰ ጡሯም በእርሱ ትወርዳለች፣ የገበያው ጆንያም በእርሱ ይወጣል፣ ለቅሶ ሲሆንም ልጆቹ ተጠራርተው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ በጭቃው መሐል ተከታትለው ይሄዳሉ። ሰኔ ገብቶ ያ ጥቁር አፈር ሲርስ ጎማውን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሞተረኛውም ይወድቃል፤ ሲወድቅም ከማሳው ላይ የሚያርሰው ሰው እርፉን ለቅቆ፣ ማን ነህ ሳይል፣ ከየት መጣህ ሳይል፣ አንዱን ጫፍ ይይዝና "አይዞህ" እያለ ያነሣለታል። ይህን ያየ ሰው ዛሬ የምነግራችሁን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ የሩቅ አገር ሰዎች ታሪክ ቢሆንም ጭቃውና መውደቁ ከእኛው ጋር አንድ ነውና።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 3 ቀን ዋለ፤ የፈረንጆቹም ፋሲካ ያን ዓመት ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ገጥሞ ነበር። ከፋሲካው በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ሁለት ወዳጆች ከለንደን ከተማ በሞተር ተነሡ። አንዱ ኢዋን ማክግሬገር ይባላል፤ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ስሙ በዓለም የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነው። ሁለተኛው ቻርሊ ቡርማን ነው፤ እርሱም ተዋናይ፣ አባቱም የፊልም አዘጋጅ። ሁለቱ የተዋወቁት አንድ ፊልም ሲሠሩ ነው፤ ከዚያም ወሬያቸው ሁሉ ስለ ሞተር ሆነ፤ ጓደኝነታቸውም በሞተር ላይ ጸና። ካርታም ዘረጉ፤ ከለንደን ተነሥተን፣ ወደ ምሥራቅ እየሄድን፣ አውሮፓንና እስያን አቋርጠን፣ ከዚያም አሜሪካ ገብተን ኒው ዮርክ እንውጣ አሉ። ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ማለት ነው።

ሞተሩን ለማግኘትም ቀላል አልሆነላቸውም። መጀመሪያ የፈለጉት የኦስትሪያውን ኬቲኤም ነበር፤ ኩባንያው ጉዞውን ይጨርሳሉ ብሎ አላመነምና ይቅርብን አለ። ቻርሊ በዚህ ክፉኛ አዘነ። ከዚያ በኋላ ነው የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ሞተሮቹን የሰጣቸው፤ ትልልቅ፣ ከባባድ፣ ነዳጅና ጓዝ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው ወደ ሦስት ኩንታል የሚጠጉ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ታሪክ የሚያወራው ሰው ሁሉ ሁለቱን ጓደኛሞች ያነሣና ያልፋል። ሞተሮቹ ግን ሦስት ነበሩ። በሦስተኛው ላይ የተቀመጠው ክላውዲዮ ፎን ፕላንታ የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነው፤ ጉዞውን በፊልም የሚያነሣውን ካሜራ የያዘው እርሱ ነው። በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ ካሜራውን ተሸክሞ ተራራ ለተራራ የሠራ፣ መከራ የለመደ ጸጥተኛ ሰው ነው። ሁለቱ ወንዝ ሲሻገሩ በፊልሙ ላይ ስታዩ እርሱ አስቀድሞ ተሻግሮ፣ ሞተሩን አቁሞ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ እያነሣቸው ነው፤ ሁለቱ ተሻግረው ሲሄዱ ደግሞ ካሜራውን ሸክፎ እንደገና ሞተሩን አስነሥቶ ሊደርስባቸው ይከተላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፉ መንገድ እነርሱ ለራሳቸው ብቻ እየተጨነቁ ሲያልፉት እርሱ ከካሜራው ጭንቀት ጋር ነው ያለፈው። እኔ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ልቤ ወደዚህ ሰው ያደላል፤ በመንገድ ላይ ጓዝ የሚይዘውንና ከኋላ የሚቀረውን ሰው ማንሣት ወግ ነውና።

እና ተነሡ። ከእንግሊዝ በባሕር ሥር ባለው ዋሻ ፈረንሳይ ገቡ፤ ከዚያ ቤልጅግ፣ ከዚያ ጀርመን፣ ከዚያ ቼክ፣ ከዚያ ስሎቫኪያ፤ እስከዚህ መንገዱ እንደ ምንጣፍ ነበር። ዩክሬን ድንበር ሲደርሱ ወረቀታችሁ አልተሟላም ተባሉ፤ ሰዓቱም ሄደ፣ ቀኑም መሸ፣ ሌሊቱም ገባ፤ እነርሱ ያንን ማኅተም ሲጠብቁ ተቀመጡ። ሞያሌ ወይም መተማ ላይ በወረቀት ምክንያት ያደረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ቆይቶም ተለቀቁ፤ ወደ ውስጥም ዘለቁ፤ በዚያው አገር አንትራሲት በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ማደሪያ ፈልገው አንድ ሰው ቤት ገቡ። ግድግዳው ላይ ጠመንጃ ተሰቅሏል፤ የሚገቡት የሚወጡትም ሰዎች ግንባራቸው የከበደ ነው፤ እንግዶቹም ፈሩ። ከዚያ ጊታር መጣ፤ ኢዋንም ተቀብሎ ዘፈነላቸው፤ ያ ሁሉ የከበደ ፊት ተፈታ፤ አብረው በሉ፣ አብረው ጠጡ፣ ደኅና አደሩ። በዓለም ላይ እንግዳ ስትሆኑ እንዲህ ነው፤ የፈራችሁት ቤት ያሳድራችኋል።

ከዚያም ነዳጅ ሲቀዱ ከፓምፑ የተፈናጠረ ቤንዚን ኢዋን ዓይን ውስጥ ገባ፤ በውኃ እያጠቡ፣ እየተጨነቁ፣ ሐኪም አግኝተው ተረፈ። ካዛኪስታን ሲገቡ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር መጣ፤ ችግሩም ክብር ነበር። በደረሱበት ከተማ ሁሉ ባለሥልጣን ይቀበላቸዋል፤ ልጆች ይዘፍኑላቸዋል፤ ምግብ ይቀርባል፤ ፖሊስ ከፊት ሆኖ ያጅባቸዋል። እንግዳ ተቀባይነቱ ከልብ ነው፤ ግን ጉዞው ጉዞ መሆኑ ቀርቶ ግብዣ ሆነ፤ እነርሱም በየድንኳኑ አድረው፣ እሳት አንድደው፣ የራሳቸውን ሻይ አፍልተው መሄድ ናፈቃቸው።

ናፍቆታቸውም ሞንጎሊያ ላይ ሞላላቸው፤ ከሚገባው በላይ ሞላላቸው።

ሞንጎሊያ ማለት ስፋቷ ከኢትዮጵያ የሚበልጥ፣ ሕዝቧ ግን በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ያነሰ አገር ናት። ሜዳ ነው፤ ሰማይ ነው፤ አልፎ አልፎ ነጭ ክብ ድንኳን፣ ፈረስና ፍየል። መንገድ የሚባለውም መኪና የረገጠው የጎማ ፋና ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው በጎኑ ይወጣል፣ እርሱም ሲበላሽ ሌላ፤ የትኛው የት እንደሚያደርስ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። እነርሱም በአልታይ ተራሮች በኩል ሲገቡ ዝናቡ ቀድሟቸው ነበር። መሬቱ ረግረግ ሆኗል። ያ ሦስት ኩንታል ሞተር ጭቃ ውስጥ ይገባና ይቆማል፤ ነዳጁን ሲሰጡት ጎማው ቦታው ላይ እየዞረ ይሰምጣል፤ ከዚያ ይወርዱና ሦስቱም ተጋግዘው፣ አንዱ እጀታውን፣ ሁለቱ ኋላውን ይዘው፣ በጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ተዘፍቀው ይጎትቱታል፤ ሃምሳ ሜትር ይሄዳሉ፤ ከዚያ የቀጣዩ ተራ ይሆናል። እንዲህ እያሉ ቀኑን ሙሉ ደክመው ሲመሽባቸው የተጓዙት መንገድ እዚሁ ከእጃጂ ጌዶ እንደማለት ነው።

እናም ልብ ዛለ። ኢዋን ይህ ጉዞ እኛን ሊገድል ነው፣ ወደ ሰሜን ታጥፈን ሩሲያ እንመለስና በደኅናው መንገድ እንሂድ የሚል ሐሳብ አነሣ። ይህን ማለት ውርደት አይደለም። መንገድ የወጣ ሰው ሁሉ የሚመለስበት ሰዓት ልቡ ውስጥ አለ። ቁም ነገሩ ሦስቱ ቁጭ ብለው መነጋገራቸው፣ ማንም ማንንም ፈሪ አለማለቱ ነው፤ አደሩበት፤ ነጋ፤ ሰማዩም ትንሽ ገለጥ አለ፤ ከዚያም እንደገና ወደ ፊት ሄዱ።

ወደ ፊትም ሲሄዱ የክላውዲዮ ሞተር ተሰበረች። ጎማዋ አይደለም የፈነዳው፣ ካንዴላዋም አይደለም የተቃጠለው፤ አካሏ ራሱ፣ ሻንሲዋ፣ ከስንት ቀን መንገጫገጭና ውድቀት በኋላ ተሰነጠቀ። ካሜራውን የሚሸከመው፣ ከኋላ ቀርቶ የሚደርሰው፣ የእርሱ ነው የተሰበረው። እንግዲህ በዚያ ምድረ በዳ መለዋወጫ የለ፣ ጋራዥ የለ። በአቅራቢያው ወዳለች ትንሽ ከተማ አደረሷት፤ እዚያም የአገሩ ሰዎች የብየዳ መሣሪያቸውን አውጥተው፣ እሳቱን አስነሥተው በየዱላት። እኔ እነዚያን በያጆች አያቸዋለሁ፤ መነጽራቸው የተሰነጠቀ፣ እጃቸው የጠቆረ፣ በእኛው ከተማ መንገድ ዳር ባሌስትራ ሲበይዱ እንደምናያቸው ዓይነት ልጆች ናቸው። ብየዳውም ብረቱን ያዘ፤ የሞተሯን ኤሌክትሪክ ግን ጎዳው፤ ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ዘመናዊ ክፍል ከዚያ በኋላ አልታዘዝ አለ። አዲሶቹ ሞተሮች እንዲህ ናቸው፤ የብየዳው ኃይል በአካላቸው አልፎ ኮምፒውተራቸውን ይመታል፤ ስለዚህ ባትሪያቸው ሳይነቀል አይበየዱም። የእኛ በያጆችም ይህን ልብ ይበሉ።

ምን ተደረገ? ያቺ ታላቅ የጀርመን ሞተር በጭነት መኪና ተጭና ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ኡላን ባቶር ተላከች። ክላውዲዮስ? መኪና ላይ ወጥቶ አብሯት ይሂድ? አልሄደም። እዚያው አካባቢ አንዲት የሩሲያ ሠራሽ ሞተር ገዛ፤ ፕላኔታ ትባላለች፤ ኢዠቭስክ ከተማ የተሠራች፣ አንድ ሲሊንደር ያላት፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የምትጠጣ፣ የአገሩ እረኛ የሚነዳት፣ ቀይ። ጓዙን ጫነባት፤ ካሜራውን አንጠለጠለ፤ ተከተላቸው።

እና ወገኖቼ፣ ያቺ ቀይ ሞተር እነዚያ ግዙፎቹ የሰመጡበትን ረግረግ ትሻገረው ጀመር። ቀላል ናት፤ ስትወድቅ አንድ ሰው ያነሣታል፤ ስትያዝ ጎትተው ያወጧታል። ትልልቆቹ ሲዋልሉ እርሷ በመሐላቸው ሹልክ ብላ ታልፋለች። ደግሞም ትጠፋለች፤ መሐል ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ስትቆም ግን መፍቻና ፒንሳ የያዘ ማንኛውም ሞንጎሊያዊ ሆዷን ያውቀዋል፤ ከፈረሱ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ካርቡራቶሯን ነፍቶ፣ አስነሥቶ ይሰዳታል። ለጀርመኗ ሞተር ችግር መፍትሔ ሲፈለግ ስልክ ወደ አውሮፓ ይደወል ነበር፤ ለቀይዋ ግን መድኃኒቷ እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። በእጃጂና በባኮ መካከል በአነስተኛ ሞተር የሚሠሩ ልጆች ይህን ሲሰሙ አይደነቁም፤ እነርሱ ይህን የሚያውቁት ከልጅነታቸው ነው።

በዚያው በሞንጎሊያ አንድ ሽማግሌ አገኙ። ቴድ ሳይመን ይባላል። ይህ ሰው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና ሁለቱ ልጆች ሳሉ፣ ትራያምፍ በምትባል የእንግሊዝ ሞተር ብቻውን ከለንደን ተነሥቶ አራት ዓመት ሙሉ ዓለምን የዞረ ነው፤ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ በእኛም አገር አልፏል፤ በሱዳን በኩል ገብቶ ወደ ኬንያ የወረደው ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። ሁለቱን ጓደኛሞች ለጉዞ ካነሣሡት አንዱ የዚህ ሰው መጽሐፍ ነበር፤ እርሱም ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ሞንጎሊያ ድረስ መጥቶ አገኛቸው። ብቻውን የሄደውና ተሰብስበው የሄዱት እሳት ዳር ተቀምጠው ሲያወጉ ምን ተባባሉ ብሎ መጠየቅ ያስመኛል፤ አንዱ ሲወድቅ የሚያነሣው የአገሬው ሰው ብቻ ነበር፤ ለሌሎቹ ደግሞ ጓደኛም ነበራቸው።

ከኡላን ባቶር በኋላ እንደገና ሩሲያ ገቡ፤ ሳይቤሪያን አቋርጠው ከያኩትስክ ወደ ማጋዳን የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ይህ መንገድ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ስሙም የአጥንት መንገድ ነው። በስታሊን ዘመን እስረኞች በብርድና በረኃብ እየረገፉ ሠሩት፤ የሞቱትም ከመንገዱ ሥርና ከዳርቻው ተቀበሩ ይባላል። ፋሺስት ኢጣሊያ የኛን ሰው እያስገደደ መንገድ ባስቆፈረበት አገር የምንኖር ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለው መንገድ ላይ ሲነዳ ዝም እንደሚባል እናውቃለን። ድልድዩ ፈርሷል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ሞተር የሚሻገረው አልሆነም፤ እነርሱም ወንዝ ዳር ቆመው ትልልቅ የሩሲያ ጭነት መኪኖች እስኪመጡ ጠበቁ፤ ሾፌሮቹም ሞተሮቹን በጠፍር አስረው ጭነው፣ ውኃው ሞተሩ ድረስ እየደረሰ፣ አሻገሯቸው። ሾፌሮቹ ከእነርሱ ጋር ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ግን ዳቦ ነበራቸው፣ ሻይም ነበራቸው።

ማጋዳን ደረሱ፤ ከዚያ በአውሮፕላን አላስካ ገቡ፤ ከአላስካም አስፋልት ነው፤ ሁሉም አለቀ ብለው እፎይ አሉ። ነገሩ ግን እዚያ ነው። ሞንጎሊያን በሰላም ያለፈው ኢዋን፣ የአጥንት መንገድን ያለፈው ኢዋን፣ ካናዳ ውስጥ ካልጋሪ አካባቢ፣ በጥሩ አስፋልት ላይ ሲሄድ አንድ ወጣት የሚነዳት መኪና ከኋላው መጥታ ገጨችው። የጓዝ ሣጥኖቹ ምቱን ተቀበሉለት፤ እርሱም ተረፈ። ክፉ መንገድ ሰውን ያነቃዋል፤ ደኅናው መንገድ ግን ያዘናጋዋል፤ በጌዶ ቁልቁለት ተጠንቅቆ ወርዶ ከተማ አፋፍ ላይ የተጋጨ ሰው ስንት አለ! ከዚያም ሞተሩ ተጠግኖ ተነሣ፤ ሐምሌ 22 ቀን ሦስቱም ኒው ዮርክ ገቡ፤ የክላውዲዮም የጀርመን ሞተር ተጠግና አብራው ነበረች።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም መጥተዋልና።

ግንቦት 4 ቀን 1999 ዓ.ም. እነዚያው ሰዎች ከስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ተነሥተው የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ሊያዩ ወጡ። ገና ከመነሣታቸው ቻርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስለ ቦምብ የማይባል ቀልድ ተናግሮ ተይዞ ተመረመረ፤ አውሮፕላኑም ሄደበት። ከዚያም ጣሊያንን አልፈው፣ ቱኒዚያ ገብተው፣ ሊቢያ ድንበር ሲደርሱ ከባልደረቦቻቸው የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙት አትገቡም ተባሉ፤ ዞረውም ግብፅ ላይ ተገናኙ። ከግብፅ ሱዳን፤ ከሱዳንም በመተማ በኩል ኢትዮጵያ።

ያን ጊዜ አስታውሱት። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሦስት ወር ገደማ ቀርቶት፣ በየግድግዳው፣ በየከነቴራው፣ በየሬዲዮው ሁለት ሺህ ሁለት ሺህ ሲባል፣ ሰማዩም ለክረምት እየጠቆረ ሳለ ነው የመጡት። ከሱዳን ሙቀት ወጥተው የጎንደርን ብርድ ሲያገኙት ምን እንደሚመስል የደከመ መንገደኛ ያውቀዋል። በሰሜንም በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት መሬት ውስጥ ጥሎት የሄደውን ፈንጂ፣ በእርሱም የተጎዱ ልጆችን፣ ከዩኒሴፍ ሰዎች ጋር ሆነው አዩ። ሞተር ላይ ወጥቶ መሳቅ መጫወት ጥሩ ነው፤ አንድ እግር ያጣች ልጅ ፊት ግን የራስ ድካም ይረሳል፤ ይህን እነርሱም ተናግረዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ሻሸመኔ፣ አዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ። ከሞያሌ ወዲያ ያለውን የኬንያን መንገድ የዚያን ጊዜ ሰው ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እስከ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልት የለም፤ መሬቱ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው፤ በዲዳ ጋልጋሉ ምድረ በዳ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ጎማ ይተለትላል፤ ሽፍታም ስለሚፈራ መኪኖች ተሰብስበው ይሄዱ ነበር። መንገጫገጩ ሞላውን ይሰብራል፣ አሞርዛቶሩን ያፈሳል፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ያላላል፤ ማታ ሲቆም መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መፍቻ ይዞ ሞተሩን መዞር ነው። እነርሱም ተያይዘው አለፉት።

ማላዊ ላይ የኢዋን ሚስት ተቀላቀለቻቸው። ለዚህ ብላ ሞተር መንዳት የተማረች ሴት ናት። ቻርሊ መጀመሪያ ላይ ደስ አላለውም፤ የሁለታችን የነበረው ይበላሻል ብሎ ሰጋ፤ ስሜቱንም አልደበቀም። እርሷም መጣች፤ በአሸዋውም ወደቀች፤ ተነሣች፤ እንደገና ወደቀች፤ እንደገና ተነሣች። ሰው አብሮ ወድቆ አብሮ ሲነሣ እንግዳነቱ ያልቃል፤ የቻርሊም ልብ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሐምሌ 28 ቀን 1999 ዓ.ም. ኬፕ አጉላስ፣ አህጉሩ የሚያልቅበት፣ ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙበት ድንጋይ ላይ ቆሙ።

ዓመታት ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. ቻርሊ ፖርቱጋል ውስጥ በሞተር ሲሄድ አደጋ ደርሶበት ሁለቱም እግሮቹ ተጎዱ፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ መራመድ እንደ ሕፃን ተማረ። ድኖ ተነሣ ሲባልም ከሁለት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሌላ ከባድ አደጋ ደረሰበት። ብዙ ሰው አበቃለት አለ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ግን ሦስቱ፣ አዎን ሦስቱ፣ ክላውዲዮም ካሜራውን ይዞ፣ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከኡሿያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተነሡ፤ ወደ 21,000 ኪሎ ሜትር፤ ሁለቱ ጓደኛሞችም የነዱት ነዳጅ የማይጠጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይበላዋል፤ የሚሞላበት ቦታም ይጠፋል፤ ቀድሞ ማደያ ይፈልጉ የነበሩት አሁን የግድግዳ ሶኬት ለማኝ ሆኑ፤ የሆቴሉም፣ የመንደሩም ሰው መስመሩን እየሳበ ሰጣቸው። ታኅሣሥ ሳይገባደድ ደረሱ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የማወራው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የሞያሌው መንገድ ዛሬ ከኬንያም ወገን አስፋልት ሆኗል፤ ድንበሩም ላይ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ የሚያስተናግዱበት ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከናይሮቢ ተሰብስበው በሞተር ወደ አገራችን የሚመጡ ኬንያውያን አሉ፤ ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ከእናንተም መካከል አንድ ቀን ተጠራርቶ የሚወጣ አይጠፋም፤ ይህን በዓይናችሁ አያለሁ።

ስትወጡ ሊብሬያችሁን፣ ፓስፖርታችሁንና የኮሜሳን ቢጫ የመድን ካርድ ያዙ። መፍቻውና ፒንሳው፣ የጎማው መለጠፊያ፣ ትርፍ ካንዴላው፣ የቁስሉም ማሰሪያ ከፊት በሚሄደው ላይ አይጫን፤ የሚጫነው ከሁሉ ኋላ በሚሄደው ላይ ነው፤ የወደቀውን የሚያገኘው እርሱ ነውና፤ ስለዚህ ከሁላችሁ ረጋ ያለውን፣ እጁ ሥራ የሚያውቀውን ከኋላ አድርጉት። መገንጠያ በደረሳችሁ ቁጥር የፊተኛው ይቁም፤ የሚከተለውን በዓይኑ ሳያይ አይታጠፍ። ማታ ሲመሽ ደግሞ እኩል ብሉ። እና ሞያሌን ስታልፉ አትርሱ፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አንዱ ሌላውን "በግራ! በግራ!" እያለ ያስታውሰው።